ከቀለም በፊት ካርታ፦ በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ የመኖሪያ ቤትን ለሽያጭ የማዘጋጀት ቅደም ተከተል

መግቢያ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን በቀለም ቀቢ ይጀምራል። አጥሩ ይቀባል፣ የግቢው ሣር ይታጨዳል፣ የሳሎኑ ኮርኒስ ይታደሳል፤ ከዚያ ደላላ ይጠራል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው አባባል ለእንግዳ አቀባበል እንደሚሠራ ሁሉ ለቤት ሽያጭም ይሠራል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ገዥው ቤቱን በዓይኑ ከወደደ በኋላ በዋጋው ላይ የሚከራከረው ባላየው ነገር ምክንያት ነው፦ ካርታው በማን ስም ነው? የጓዳው ግድግዳ ለምን ተሰነጠቀ? የኋላው ሰርቪስ ቤት ፈቃድ አለው? ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያዘጋጅ ለቀለም ያወጣው ገንዘብ ብዙም ሳይጠቅመው ይቀራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ለብዙ የከተማችን ቤተሰቦች ቤት የዕድሜ ልክ ቁጠባ የተቀመጠበት ብቸኛ ሀብት ነው። ቤት የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ በችግር ወይም በሽግግር ወቅት ነው፤ ወራሾች ሲካፈሉ፣ ለሕክምና ገንዘብ ሲፈለግ፣ ጡረተኛ ወላጆች ወደ አነስተኛ ቤት ሲዛወሩ፣ ወይም ባለቤቱ ኑሮውን በውጭ አገር ሲያደርግ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ካለ ዝግጅት ገበያ የወጣ ሻጭ የሚያጣው ገንዘብ የልጆቹን ድርሻ ወይም የእርጅና ዘመን ስንቅን የሚቀንስ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ያሉ መኖሪያ ቤቶችን በምሳሌነት በመውሰድ፣ ቤትን ለሽያጭ ማዘጋጀት በዋናነት የገዥን ጥርጣሬ የመቀነስ ሥራ መሆኑን፣ ሥራውም በሰነድ ተጀምሮ በቤቱ አካል በኩል አልፎ በገጽታ የሚጠናቀቅ ቅደም ተከተል እንዳለው ያስረዳል። ትንተናው በመጠይቅ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ በዋሉ ሕጎች፣ በአካባቢው ተፈጥሯዊ ሁኔታና በመስኩ በሚታወቁ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ የተመሠረተ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ሲ.ኤም.ሲ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት የስም ምኅጻር ነው። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር በመካከሉ ያልፋል፤ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከልም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። እነዚህ ግንባታዎች ለአካባቢው ቤቶች ተፈላጊነት ጨምረዋል። በሌላ በኩል የባቡር ሐዲዱ ጎዳናውን ለሁለት ስለሚከፍለው፣ አንድ ቤት ከማቋረጫና ከመታጠፊያ ያለው ርቀት ከዋናው መንገድ ካለው ርቀት ባልተናነሰ በገዥ ይመዘናል።

ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የቤቶቹ ታሪክ የተለያየ መሆኑ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ የቆየ ቪላ፣ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የተሠራ ቤት፣ ከሪል እስቴት አልሚ የተገዛ ቤትና በሊዝ ቦታ ላይ የቆመ ሕንፃ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም እያንዳንዳቸው የተለያየ የሰነድ ታሪክ አላቸው። በዚህ ላይ ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከተቋቋመበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአስተዳደር ወሰኑ ተለውጧል። ስለዚህ ሻጩ ገና ከመነሻው ማኅደሩ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚገኝ ማወቅ ይጠበቅበታል።

የጥርጣሬ ዋጋ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ መሠረታዊ ችግር አሳይቷል። ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዥ አያውቅም፤ በመሆኑም ገዥው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ በዚህ ይጎዳል፤ ከገበያም ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ጥሩው ዕቃ ጥሩ መሆኑን ገዥው በራሱ ሊያረጋግጥ በሚችል ማስረጃ ማሳየት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቤት እንከን ከሌለው 20 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ገዥው ከአምስት አንድ በሚሆን ዕድል የመሠረት ወይም የሰነድ ችግር ይኖርበታል ብሎ ቢጠረጥርና ችግሩ ከተገኘ 5 ሚሊዮን ብር እንደሚያስወጣው ቢገምት፣ በቀዝቃዛ ስሌት ከዋጋው 1 ሚሊዮን ብር ይቀንሳል። ስጋት የሚያይልበት ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይቀንሳል፤ ወይም ጨርሶ ይሄዳል። ሻጩ 300 ሺህ ብር ለቀለምና ለኮርኒስ ቢያወጣ ይህ ጥርጣሬ ከነበረበት አይነቃነቅም። እንዲያውም አዲስ ቀለም ለጠንቃቃ ገዥ «ምን ሊሸፍኑ ነው?» የሚል ተጨማሪ ጥያቄ ሊያጭር ይችላል። ከዚያ ያነሰ ገንዘብ ሰነድን ለማስተካከልና ቤቱን በመሐንዲስ ለማስመርመር ቢውል ግን ገዥው ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት ይቀንሳል።

አንደኛው ደረጃ፦ ሰነድ

በኢትዮጵያ የቤት ሽያጭ ልዩ ባሕርይ የሚመነጨው ከመሬት ሥሪቱ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ መሬት በግል አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3ም ይህንኑ አጽንቷል። ስለሆነም በሕግ ፊት የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ገዥው ግን የሚከፍለው ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ለቆመበት ስፍራ ጭምር ነው። ይህን ስፍራ ከገዥው ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ድልድይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ነው። ካርታው ካልጠራ የቤቱ ማማር ብቻውን ዋጋ አያስገኝም።

መጀመሪያ የሚጣራው የሻጩ ማንነት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ካርታው በባል ወይም በሚስት ስም ብቻ መሆኑ የሌላውን ፈቃድ አያስቀርም። ባለካርታው በሕይወት ከሌለ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ስሙ ወደ ወራሾች መዛወር አለበት። ባለቤቱ በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ውክልናው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ አይችልም። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ አነጋገር በቂ አይደለም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህ ጉድለት የሚታወቀው ገዥ ከተገኘ በኋላ ከሆነ ውክልናው ከውጭ አገር ታርሞ እስኪመጣ ገዥው ሌላ ቤት ሊያገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ካርታውን ከመሬቱ ጋር ማመሳከር ነው። አጥር ሲታጠር፣ መንገድ ሲሰፋ ወይም ጎረቤት ሲገነባ በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና በአጥሩ ውስጥ ያለው ስፋት ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ገዥው ባመጣው ባለሙያ ሜትር ከሚገለጥ ይልቅ ሻጩ አስቀድሞ አስለክቶ ቢያውቀው ይሻላል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 818/2006 የወጣውም ይዞታዎች ወሰናቸውና ባለመብታቸው ተረጋግጦ እንዲመዘገቡ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ግንባታ ነው። በዋናው ቤት ጀርባ ለኪራይ የተሠሩ ክፍሎች፣ በአጥር ላይ የተደገፈ ሱቅ፣ በሰርቪስ ቤት ላይ የተጨመረ ፎቅ በሰፈሩ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታን በፈቃድ የሚመራ በመሆኑ፣ በፕላን ያልተካተተ ክፍል ለሻጩ የኪራይ ገቢ ቢያስገኝም ለገዥው የስጋት ምንጭ ነው። ሕጋዊ ማድረግ የሚቻለውን ማስፈቀድ፣ የማይቻለውን ከዋጋ ውጭ አድርጎ በግልጽ መናገር ወይም ማፍረስ ይመረጣል።

በመጨረሻ ዕዳና እገዳ ይጣራል። ቤቱ በባንክ መያዣነት የተያዘ ከሆነ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ከሆነ፣ የዓመታዊ ግብር ወይም የሊዝ ውዝፍ ካለበት ስም ማዛወር አይቻልም ወይም ይጓተታል። ከዚህ ጋር ተያይዞ ሻጩ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፦ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት ይለወጣል። ገዥው ወደፊት የሚከፍለውን የሊዝ ክፍያ አስልቶ ዋጋ ስለሚያቀርብ፣ «የእኔ ካርታ ነባር ነው» ብሎ መኩራራት ብቻውን ዋጋ አይጨምርም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የቤቱ አካል

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ሜዳዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ በገበሬው አጠራር ዋልካ ወይም መረሬ፣ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይመሠረት የቆመ ቤት ከወቅቱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። ውጤቱም በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ የብሎኬት መገጣጠሚያን ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ መስመር፣ የዘመመ አጥር፣ አልዘጋ የሚል በር ነው።

እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጥገናው ከአንድ ክረምት አያልፍም። ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል፤ በልስን ላይ ብቻ የሚታይ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመርና ግድግዳውን ዘልቆ የሚያልፍ ስንጥቅ አንድ አይደሉም። የሁለቱን ልዩነት በጽሑፍ የሚያረጋግጥ የመሐንዲስ ሪፖርት ከማናቸውም ቀለም የበለጠ ጥቅም አለው። መንስኤውን ለማስታገስም ቀላል ሥራዎች አሉ፦ የአሸንዳን ውኃ ከመሠረቱ አርቆ ማፍሰስ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ ማበጀት፣ የሚያፈስ ቧንቧን መጠገን። ለግድግዳ ተጠግቶ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለም ሊታሰብበት ይገባል፤ በእንጦጦ ተራሮች ላይ የምናውቀው ይህ ዛፍ ከአፈር ብዙ ውኃ ስለሚስብ በበጋ የዋልካውን መኮማተር ያባብሳል።

የጊዜ አመራረጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስንጥቅን በበጋ መዝጋትና ክረምቱን አይቶ መሸጥ ጥገናው መያዙን ለራስም ለገዥም ያሳያል። ጣራና አሸንዳ ደግሞ ከሰኔ በፊት መጠገን አለባቸው፤ ኮርኒስ ላይ የቀረ ቢጫ የውኃ ምልክት፣ ፍሳሹ ከቆመ በኋላም ቢሆን፣ በገዥ ዓይን የሚፈስ ጣራ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ የማጠራቀሚያ ታንከሩ መጠን፣ የፓምፑ ጤንነትና የቧንቧው ግፊት ከመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ይበልጥ ይጠየቃሉ። የሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለና መቼ እንደተመጠጠ ማወቅ፣ የመብራት ቆጣሪው በሻጩ ስም መሆኑን ማረጋገጥ፣ የተከራይ ቆጣሪ ካለ ሒሳቡን መለየት ትናንሽ ቢመስሉም በስም ዝውውር ጊዜ የሚያጨቃጭቁ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ገጽታ

የቤት ውስጥ ዕቃን አስተካክሎ፣ ግድግዳን ለዘብ ባለ ቀለም ቀብቶ ለገዥ ማሳየት በምዕራቡ ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ማርክ ሌን፣ ማይክል ሳይለርና ቪኪ ሳይለር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት የግድግዳ ቀለምና የዕቃ ጥራት ተመልካቾች ቤቱን «ለመኖር የተመቸ» አድርገው እንዲያዩት ቢረዱም፣ ለመክፈል ፈቃደኛ በሆኑበት ዋጋ ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላመጡ አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው ከእኛ በተለየ ገበያ ቢሆንም፣ ገጽታ ገዥን ወደ በር ያመጣል እንጂ ዋጋን በራሱ አይወስንም የሚለውን ሐሳብ ይደግፋል።

ገዥን ወደ በር ማምጣትም ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ደላላ በቀን ብዙ ቤት በሚያሳይበት ገበያ ንጹሕ ግቢ፣ ብርሃን የሚያስገባ ሳሎን፣ ከእርጥበት ሽታ የጸዳ መኝታ ቤት በገዥው ትዝታ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ላይ የአገራችን ገዥ ቤትን የሚያነብበት የራሱ መንገድ እንዳለው ልብ ማለት ይገባል። ግቢው ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ ድንኳን ያስተክላል ወይ? መኪና ገብቶ ይዞራል? የእንጀራ መጋገሪያው ጭስ ወደ ሳሎን ይገባል? የሰርቪስ ቤቱ መግቢያ ከዋናው ቤት የተለየ ነው? ሻጩ በግቢው የተከማቸውን የግንባታ ትርፍራፊና አሮጌ ዕቃ ቢያነሣ፣ የውጭ ማእድ ቤቱን ቢያጸዳና ቢያቀና፣ ቦታው ምን ያህል እንደሚበቃ ሳይናገር ያሳያል። ይህም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ገዥው ከግቢ ከወጣ በኋላም ምርመራው አይቋረጥም። ወደ ሰፈሩ ሱቅ ጎራ ይላል፣ ጎረቤት ያነጋግራል፣ ጥበቃውን ይጠይቃል። ከጎረቤት ጋር በወሰን ወይም በጎርፍ መውረጃ የቆየ ቅሬታ ካለ ከሽያጩ በፊት በሽማግሌ መፍታት የዝግጅቱ አካል ነው።

ስለሚነገርና ስለማይደበቅ ጉድለት

ጉድለትን መናገር ዋጋ ያሳጣል የሚል ፍርሃት አለ። ሕጉ ግን መደበቅን የበለጠ ውድ ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 1704 ደግሞ በተንኮል የተገኘ ስምምነት ውልን ሊያስፈርስ እንደሚችል ያመለክታል። የሽያጭ ውሉ በአንቀጽ 2877 መሠረት በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ሰነድን ስለማረጋገጥና ስለመመዝገብ በወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008 በሚመራው ተቋም ፊትም ይረጋገጣል። በስንጥቁ፣ በውኃ ግፊቱ ወይም በተጨማሪው ክፍል ላይ ገዥው ያወቀውን በውሉ ውስጥ ማስፈር ለሻጩ የወደፊት ጋሻው ነው።

ቀብድም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰነዱ ሳይሟላ ቀብድ ለመቀበል የሚጣደፍ ሻጭ፣ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ወይም የውክልናው ጉድለት ቢያሰናክለው፣ ለዚህ ኃላፊነት ሊጋለጥ ይችላል። ከዋጋው ላይ የሚነሡ ወጪዎችንም አስቀድሞ ማስላት ያሻል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረትን በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ተጥሏል፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ደግሞ በንብረት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ላይ 2 በመቶ ይጥላል። ቤቱ ለመኖሪያነት ማገልገሉ በግብሩ ላይ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል ሻጩ የመኖሪያነት ማስረጃውን ይዞ ከዋጋ ድርድሩ በፊት የግብር ባለሥልጣኑን ማነጋገር ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና በሲ.ኤም.ሲም ሆነ ተመሳሳይ ታሪክ ባላቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቤቱን ለመሸጥ ላሰበ ሰው አንድ ተግባራዊ ምክር ያስከትላል፦ ለዝግጅት የተመደበው ገንዘብና ጊዜ መጀመሪያ ለሰነድ፣ ቀጥሎ ለጣራ፣ ለመሠረትና ለውኃ፣ በመጨረሻ ለቀለም ይዋል። ሰነድ ማስተካከል ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዝግጅቱ ለሽያጭ ከታሰበበት ጊዜ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀድሞ መጀመር አለበት።

ጉዳዩ ከግለሰብ ሻጭ ያለፈም ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል እስቴት ልማት እንዲሁም የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ለገበያው ሥርዓት ለማበጀት የተወሰደ እርምጃ ነው። የይዞታ ምዝገባው ተሟልቶ ማንኛውም ገዥ የካርታን እውነተኛነት፣ ዕዳንና እገዳን በአንድ መስኮት ማጣራት ቢችል፣ በየቤቱ ዋጋ ላይ የሚቆረጠው የጥርጣሬ ክፍያ ይቀንሳል። እስከዚያው ግን ማስረጃውን አሰባስቦ የማቅረቡ ሸክም በሻጩ ላይ ነው፤ ይህን ቀድሞ የተረዳ ቤተሰብ ብዙ ዓመት የደከመበትን ሀብት በሚገባው ዋጋ ለመሸጥ የተሻለ ዕድል አለው።